የጋራ ሳጥንና የሁምቦው በሬ

የዩኒቨርሲቲያችን የትምህርት ክፍሎች ድረ ገጾች እንደ አዲስ ይሠሩ ሲባል ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ያኔ በየክፍሉ ገጽ ላይ የማይታይ ጉድ አልነበረም። አንዱ የዘንድሮን የምዝገባ ቀን ሲያወጣ ሌላው ያምናውን ለጥፎ ተቀምጧል፤ ጡረታ ከወጡ የቆዩ መምህርም አሁንም "የክፍሉ ኃላፊ" ተብለው ፈገግ እንዳሉ ናቸው። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። ሁሉንም የሚመለከት ነገር አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፍና በሁሉም ገጾች አናት ላይ በራሱ ይውጣ። ይህንን "የጋራ ሳጥን" አልኩት። ከሥሩ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ጉዳይ ብቻ የሚጽፍበት ሳጥን አስቀመጥኩ።

እንዲህ ያስቆጣል ብዬ አልገመትኩም። የክፍል ኃላፊዎቹ ጓሯቸው የተወሰደባቸው ያህል አኮረፉ። ከሁሉም የባሱት የእንስሳት ሳይንሱ ኃላፊ ነበሩ፤ የአባቴ የድሮ ጓደኛ ስለሆኑ ቢሮ ውስጥ "ዶክተር"፣ ሰፈር ውስጥ "ጋሼ" ነው የምላቸው። ስብሰባ መሀል ተነሥተው፣ "የቤቴን ቁልፍ የእናንተ ማዕከል ይዞ እኔ ደጅ ልቆም ነው?" አሉ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። ውሳኔው ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በፊት ላለው ሰኞ ተቀጠረ። ካልተቀበሉት የወራት ልፋቴን ውሃ በላው፤ የኮንትራት ሠራተኛ ነኝና እኔም ከሥራው ጋር መሰናበቴ ነበር።

እኔ ደግሞ ሲገፉኝ ተንኮሌ ይነሣል። አለቃዬን አስፈቅጄ ጋሼ ቢሮ ገባሁና፣ "ዶክተር፣ ለጋራ ሳጥኑ አስተባባሪ ያስፈልገናል። ከእርስዎ የተሻለ ሰው አላገኘንም" አልኳቸው። የይለፍ ቃሉንም ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ለአንዱ፣ "የማዕከሉን ነገር የያዝኩት እኔ ነኝ" ሲሉት ሰምቼ ሳቄን አፍኜ አለፍኩ። ይጠቀሙበታል ብዬ ግን ለአፍታም አላሰብኩም፤ ኢሜይላቸውን እንኳ የምትከፍትላቸው ጸሐፊያቸው ነበረች።

እንደ ሶዶ ሰው ሁሉ የጋሼ ክፍል ባልደረቦችም ለጊፋታ ቅርጫ ይገባሉ። የዚያ ዓመት በሬ ሁምቦ፣ በጋሼ ወንድም ቤት ሲቀለብ የከረመ ነበር። ጋሼ በገዛ እጃቸው፣ "የክፍላችን ባልደረቦች፣ የጊፋታ በሬያችን ቅዳሜ ጠዋት ሁምቦ ይታያል። መኪና ከዋናው በር ይነሣል። እስካሁን ያልገባችሁም መግባት ትችላላችሁ" ብለው ጻፉ። ታችኛውን ሳጥን ግን አልወደዱትም። በሬን የሚያህል ነገር፣ ያውም እርሳቸውን የሚያህል ሽማግሌ የጻፈው፣ እንዴት ከሥር ይቀመጣል? አናት ላይ፣ የጋራ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት።

ዓርብን ኦቶና ሆስፒታል የተኛች አክስቴን ስጠይቅ ስለዋልኩ ምንም አላየሁም። ቅዳሜ ማለዳ የሕግ ክፍል ኃላፊው ደወለልኝ።

"በሬው ለሁላችን ይበቃል?"

"የቱ በሬ?"

"የክፍላችን በሬ ነዋ። ገጻችን ላይ አይደል እንዴ የወጣው?"

ስልኬን ከፍቼ ሳይ ነርሲንግም በሬ አለው፣ ሒሳብም አለው፣ ሲቪል ምህንድስናም አለው። በባጃጅ ዋናው በር ስደርስ ግቢው ተሰብስቧል። እያንዳንዱ፣ ዘንድሮስ ክፍላችን አሰበልን እያለ ነው። ጋሼ ጋቢያቸውን ለብሰው ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል።

"ይሄ ሁሉ ሰው ምን ፈልጎ ነው?" አሉኝ።

ቀስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ስህተት ነው ብል የጋራ ሳጥኔ እዚያው በር ላይ ማለቁ ነው፤ የማን ስህተት እንደሆነ ብናገር ደግሞ ሽማግሌ ማዋረድ ነው። ጋሼ ከመኪናው ወረዱ። ለበሬ የመጣን ሰው ተመለስ ማለት በእኛ አገር አይታሰብም። ሕዝቡን አዩና፣ "ግቡ፣ ግቡ። የሥጋው መደብ ትንሽ ቀጠን ይላል እንጂ" አሉ።

ሰኞ ስብሰባው ላይ የሕግ ክፍል ኃላፊው፣ ያንን ማስታወቂያ ያወጣው ማን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ልነሣ ስል ጋሼ ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ። ታች መጻፍ ሲገባኝ ላይ ጻፍኩት። ግን ልጠይቃችሁ፣ በዚህ ግቢ ሁሉም ክፍል አንድ ወሬ በአንድ ቀን የሰማው መቼ ነው? ቅዳሜ የቀረ ሰው አለ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጋራ ሳጥኑ ጸደቀ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልደበቅኩትም።

በሬው ታርዶ ሲከፋፈል፣ ጋሼ ለአንዱ ሲጨምሩ ለሌላው ሲሞሉ የራሳቸው መደብ አለቀ። ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ሲሄዱ አየኋቸው። እኔም ቅርጫው ውስጥ ገብቼ ስለነበር የደረሰኝን ሥጋ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ተከተልኳቸው። በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

"ይሄ የማነው?"

"የጋራ ነው፣ ጋሼ።"

ጥቅሉን በእጃቸው መዘን አደረጉና ወደ ጓዳ ዞረው ባለቤታቸውን የሥጋ ማባያውን ቃሪያ፣ ዳጣውን፣ እንዲያመጡ ጠሩ። እኔንም አስቀመጡኝ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ካጎረሱኝ በኋላ ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያቺን ታችኛዋን ሳጥን ነገ መጥተሽ ታሳዪኛለሽ" አሉ። "ለከርሞው በሬ።"