የቃሬዛው የኋላ ጫፍ

ከሠራዊቱ የተሰናበትኩበት ወረቀት አንድ ገጽ ናት። ስሜ፣ የእናቴ ስም፣ የተወለድኩበት አገር፣ ማዕረጌ፣ ያገለገልኩበት ክፍልና የቆሰልኩበት የሰውነት ክፍል ተጽፎባታል። ወደ ታች ወረድ ብሎ «የተሸለመው ሜዳይ» የምትል መስመር አለች። ከፊቷ በሰማያዊ ቀለም «የለውም» ይላል። ከሥሩ የኔ ፊርማ ነው። የጎረምሳ ፊርማ ስለሆነ ጭራው ረጅም ነው።

ውሸት ነው። ሜዳይ ነበረኝ። የዋሸውም ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ራሴ ነኝ።

በዚህች ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስንገበገብ ኖርኩ ብል ማጋነን ይሆናል። እንዲያውም ረስቻት ነበር። ጥበቃ ስቀጠርም፣ ጡረታ ስወጣም ስለ ሜዳይ የጠየቀኝ ሰው የለም። ወረቀቷ ሳጥን ውስጥ ከባለቤቴ ነጠላ ሥር ተኝታ ኖረች። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ እድራችን ነው።

እዚህ ቀራንዮ እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት አስከሬኑ ከቤት ከመውጣቱ በፊት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ልጅ ያለው ልጆቹ ይጽፉለታል። የባለቤቴን እኔ ጻፍኩላት፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሆናት። ልጅ አልሰጠንም። እንደኛው ልጅ ያልነበራቸው አንዲት ጎረቤታችን ሲሞቱ የሚነበብ ነገር ጠፍቶ፣ ድንኳን ውስጥ ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ የእድሩ ጸሐፊ ብቻችንን የምንኖረውን ቤት ለቤት እየዞረች፣ በቁማችን ታሪካችንን ትጽፋለች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ዛሬም ስታናግርህ ጠመኔ የያዘች ነው የምትመስለው።

ደንብ አላት። ማዕረግና ሽልማት ያለ ማስረጃ አይጻፍም። ደንቡ የመጣው የእህል መጋዘን ዘበኛ የነበሩ አንድ ጎረቤታችን በቀብራቸው ዕለት ኮሎኔል ሆነው ስለተነበቡ ነው። ባለቤታቸው ራሳቸው እያለቀሱ ሳቁ።

«ጋሼ፣ ሜዳይ ተሸልሜያለሁ ይሉኛል። ወረቀትዎ ግን የለውም ይላል» አለችኝ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ ልዋሽሽ ነው?»

«እሱን አላልኩም። ግን ከዚያ ኮሎኔል በኋላ ሰው ምን እንደሚለኝ ያውቃሉ። ያስተካክሉትና ያምጡልኝ።»

ተናደድኩ። እስከ በር ሳልሸኛት ቀረሁ። ከሄደች በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ እኔ ስሞት የሚቀረው ያቺ የምታነባት ገጽ ብቻ ናት። ተወለደ፣ ወታደር ሆነ፣ ተሰናበተ፣ ዘበኛ ሆነ፣ ሞተ። በዚህ ሁሉ ዕድሜ ጥሩ ነገር ሠራሁ የምለው አንድ ቀን ነው። ያቺ ቀን እንድትነበብልኝ ፈለግሁ። ሌላ አልፈለግሁም።

የዚያን ቀን የመገናኛ ሬድዮ ሠራተኛችን ሆዱን ተመትቶ ተራራ ላይ ቀረ። ሁለት ሆነን ወጣን፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ። ከድንኳን ሸራና ከሁለት እንጨት ቃሬዛ ሠራን። እሱ ፊት ያዘ፣ እኔ ኋላ። ጠዋት የጀመርነው ቁልቁለት ከሰዓት በኋላ ነው ያለቀው፣ ሲተኮስብን እየተኛን፣ ሲያባራ እየተነሳን። የቃሬዛን ኋላ የያዘ ሰው መንገዱ አይታየውም። እኔ ያየሁት የቁስለኛውን ፊትና የጓደኛዬን ጀርባ ነው። ጀርባው «ድንጋይ አለ፣ ቀኝህን አንሳ» ይለኛል፣ አነሳለሁ። ሰውየው ዳነ። ለሁለታችንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰልፍ ሜዳይ ሰጡን።

በኋላ መንግሥት ተለወጠና ሠራዊቱ ተበተነ። ሰፈሩ ሲፈተሽ ባለቤቴ ሜዳዩንም የምስክር ወረቀቱንም ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመረቻቸው። አልተቆጣኋትም፣ እኔም ብሆን የማደርገው እሱኑ ነበር። እኛ ወታደሮቹ ያን ጊዜ ካምፕ ገብተን እንመዘገብ ነበር። ሜዳይ ያላቸውን ለብቻ ይለያሉ የሚል ወሬ ሌሊቱን ሲዞር አደረ። ጠዋት ተራዬ ደረሰና ጠረጴዛው ጋ ቆምኩ። መዝጋቢው ቀና እንኳ ሳይል «ሜዳይ አለህ?» አለኝ።

«የለኝም» አልኩት።

ፈረምኩ። ከኋላዬ የቆመው ያው ጓደኛዬ ነበር። እሱንም ጠየቀው።

«አለኝ» አለ።

መዝጋቢው ጻፈና «ቀጣይ» አለ። ያ ሁሉ ወሬ ይኸው ነው። ማንም አልለየው፣ ማንም ቀና ብሎ አላየው። ከድንኳኑ ስንወጣ ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝና ድምፁን ሳያነሳ «ታዲያ ቃሬዛውን ብቻዬን ነው የተሸከምኩት?» አለኝ። ክንዴን አስለቅቄው ሄድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገርንም።

ወረቀቱን ላስተካክል ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዤ፣ ወረቀቴን በፕላስቲክ ሸፍኜ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ ክላሰሬን ፈልጋ አወጣች፣ አቧራውን በመዳፏ ጠረገች፣ አነበበች። ከዚያ በሐዘን አየችኝ።

«አባባ፣ የለኝም ያሉት እኮ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ፈርመውበታል።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ለምን?»

ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። «ነገሩ ረጅም ነው» አልኳት። እሷም አላስጨነቀችኝም። ያው ሜዳይ በራሱ ወረቀት ላይ የተመዘገበለት፣ በዕለቱ አብሮኝ የነበረ ሰው ቅጽ ሞልቶ ከመሰከረልኝ ማስተካከል እንደሚቻል ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ አለ።

የት እንደሚኖር አውቃለሁ። ቤቴል ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት እዚያ አንድ ክሊኒክ ደም ግፊቴን ልለካ ተቀምጬ በከዘራ ሲገባ አይቼው፣ ስሜ እስኪጠራ ፊቴን በጋዜጣ ሸፍኜ ቆየሁ። ጋዜጣው የሳምንት ነበር፣ ሁለቴ አነበብኩት። ከቀራንዮ ቤቴል በአየር ጤና በኩል ሁለት ታክሲ ነው። ሁለት ታክሲ! እኔ ግን ባሕር ማዶ ያለ ሰው አደረግሁት።

ሄድኩ። ቤቱን ጠያይቄ አገኘሁት፤ በሩን የከፈተችልኝ የቤት ሠራተኛቸው ናት። እሱ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። ከአጥሩ ማዶ ካለው ቸርች የመዘምራን ልምምድ ይሰማል፤ አንዷን መስመር ደግመው ደግመው ይዘምሯታል። ቀና ብሎ አየኝ።

«መጣህ?» አለኝ፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ እንደዘገየሁ ዓይነት።

«መጣሁ።»

ተቀመጥኩ። ስለ ደም ግፊት አወራን፣ ስለ ባለቤቴ ሞት ነገርኩት። ሚስቱ በሕይወት እንደሌለች፣ አንዲት ሴት ልጁ አብራው እንደምትኖርና ያን ሰዓት ሥራ ላይ እንደሆነች ነገረኝ። ከዚያ የመጣሁበትን አነሳሁ። እድሩን፣ ጸሐፊዋን፣ ቅጹን። ኮሎኔሉን ስነግረው በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ሳቁን ጨርሶ ጠየቀኝ።

«ያን ቀን ለምን የለኝም አልክ?»

አንዲት ቃል ናት መልሷ። ፈራሁ ማለት ነው። ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር።

«ጊዜው እንደሱ ነበር» አልኩት።

«ጊዜው ለኔም ያው ነበር» አለ።

መዘምራኑ ያቺን መስመር እንደገና ጀመሩ። ጓደኛዬ ደህናውን እጁን አነሳና «ቅጹን ይዘህ ና፣ እፈርምልሃለሁ። በግራ እጄ ነው ግን፣ ካልከፋቸው» አለኝ።

ቅጹን በማግስቱ አገኘሁ። ቤቴል ግን አልሄድኩም። ነገ እላለሁ፣ ዝናብ ነው እላለሁ፣ ጉልበቴን አመመኝ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ያቺን ቃል ሳልነግረው ፊርማውን መቀበል ከበደኝ፤ ቃሏን መናገር ደግሞ የባሰ ከበደኝ። ቤት ውስጥ ብቻዬን እለማመዳት ጀመርኩ። «ፈርቼ ነው» እላለሁ ለግድግዳው። ለግድግዳ ይቀላል። እንዲህ ስል ሦስት ሳምንት ሲሞላ አንድ ጠዋት ቆረጥኩ፣ ቅጹን በደረት ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ወደ በሩ ስታጠፍ ድንኳን ተተክሏል።

ልመለስ ነበር። ከኋላዬ የመጡ ሰዎች መንገድ ሲይዙብኝ አብሬያቸው ገባሁና መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አላወቀኝም፣ እኔም አንድ ሰው አላወቅሁም። ሳጥኑ መሃል ላይ ነበር። ፓስተሩ ጸለየ። ከዚያ ልጁ ወረቀት ይዛ ተነሳች፤ ወረቀቱ የቆየ ነው፣ እጥፋቱ ጋ ሊቀደድ ደርሷል።

«አባቴ ይሄን እናቴን ያጻፋት እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው። እንዳለ አንብቢው ስላለኝ እንዳለ አነበዋለሁ» አለች።

የትውልዱን አነበበች፣ የትምህርቱን፣ የውትድርናውን። ቀጠለችና፣ «ከባልደረባው ጋር ሆኖ ቁስለኛ በቃሬዛ ከተራራ በማውረዱ ሜዳይ ተሸልሟል» ብላ፣ የባልደረባውን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጠራች። «እርሱ ፊቱን፣ ባልደረባው ኋላውን ይዘው» አለች።

የኔ ስም ነው። ያ ሁሉ ዓመት ሳንነጋገር፣ እኔ በጋዜጣ ስሸፈንበት፣ ስሜ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር። አልሰረዘኝም።

ወታደር ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል። ሳላስበው ተነሳሁ።

«አቤት!»

ድንኳኑ ሙሉ ዞረ። አንዲት ሴትዮ ያመመኝ መስሏት ውሃ ይዛ መጣች። ልጁ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ ከማዶ አየችኝ።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ኋላውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሜዳይም ነበረኝ። የለኝም ያልኩት ፈርቼ ነው።»

የመጨረሻው ነገር ምን እንደሆነ አላወቀችም። ራሷን ነቀነቀችልኝና ማንበቧን ቀጠለች። እኔም አለቀስኩ፣ ለባለቤቴ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ሦስት ሳምንት። ያን ሁሉ ባልዘገይ እኮ የሚሰማው እሱ ነበር።

ሳጥኑ ሊነሳ ጎረምሶቹ ሲከብቡት ወደ ኋላው ጫፍ ሄድኩ። አንደኛው «አባባ ይተዉ፣ ይከብድዎታል» ብሎ ሊያስወጣኝ ሲል ልጁ «ተዋቸው፣ ይያዙ» አለችው። ያዝኩ። ከድንኳኑ እስከ መኪናው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ኮብልስቶኑም ጎርበጥባጣ ነው። መንገዱ አልታየኝም። ዛሬ የሚነግረኝ ጀርባም ከፊቴ የለም። እግሬን ግን ራሴ እያነሳሁ አደረስኩት።

ወረቀቴ እስከ ዛሬ «የለውም» ይላል። ቅጹ ባዶውን በኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ የሚሞላው ሰው የለም።

ያን ቀን በሁለት ታክሲ ቀራንዮ ገባሁ። ትከሻዬን ሦስት ቀን አመመኝ። ጸሐፊዋ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ምን ሆነው ነው ትከሻዎን የያዙት?» ስትለኝ፣ «ሰው ተሸክሜ ነው» አልኳት።