በጎልፍ ካርቱ ወንበር ስር ያለው ቡሎን

ያንን ሰውዬ አልወደውም ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ አለዚያ የምጽፈውን ሁሉ አንባቢ እንደ ይቅርታ ሊወስድብኝ ነው። ፊት ለፊት "ጋሼ" እያልኩ አንቱ እለው ነበር። በሆዴ ግን አንቱታውን ከነሳሁት ቆይቷል፤ እዚህም አልመልስለትም።

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ እንደወጣሁ ካዛንቺስ በነበረው ኮንቴይነሩ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የሚኒባስ ታክሲ ኤሌክትሪክ ነበር ሥራው፤ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የፊት መብራት። ሠርቻለሁ ማለትም ይከብደኛል፤ የእጅ ባትሪ ይዤ ቆሜያለሁ ነው የሚባለው። ሾፌሮች ፊት "ቀና አድርጊው! የምታበሪው ለኔ ነው ለመንገደኛው?" ይለኝ ነበር። ሰርተፍኬቴን ያሳየሁት ቀን ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየና "ቆንጆ ነው፤ ግድግዳ ላይ ስቀዪው" አለ። ሾፌሮቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ለዚያች ሳቅ ራሴን እስካሁን አልማርኩም።

ሰፈሩ ሲፈርስ ኮንቴይነሩም ተነሳ። እኔ ሳይፈርስ በቀረው ወገን ባለ አንድ ሆቴል በኮንትራት የጥገና ሥራ አገኘሁ። እሱ የት እንደገባ አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኛል ባልልም አላዘንኩም።

ሆቴሉ ጎልፍ ካርት የገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ጎልፍ የሚጫወት የለም። በባትሪ የምትሄደው፣ ጣሪያ እንጂ በር የሌላት ነጭ መኪና የመጣችው ሙሽሮችን ከግቢው በር እስከ ጓሮው ድንኳን እንድታደርስ ነው፤ በእግር ሦስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ። ማናጀሩ፣ በዕድሜ ከኔ የሚያንስ ጎረምሳ፣ "ሙሽራ የሚጭን ነገር ማብራት አለበት፣ መጮህ አለበት" ብሎ ዝርዝር አወጣ። የጣሪያ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ድምፅ ማጉያ።

አንድ ጠዋት ስገባ ያ ሰውዬ ከነመሣሪያ ሳጥኑ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል።

"ኤክስፒሪየንስ አላቸው" አለኝ ማናጀሩ። "ማለቴ፣ እሳቸው መብራቱን ይሥሩ፣ አንቺ ድምፁን። ቋሚ የምቀጥረው ግን አንድ ሰው ነው። ከቅዳሜው ሠርግ በኋላ እወስናለሁ፣ በቃ።"

የኔ ኮንትራት የሚያልቀው በዚያው ወር ነበር። ሰውዬው ኮንቴይነሩ ከተነሳ ወዲህ ቋሚ ቦታ እንዳላገኘ ከፊቱ ያስታውቃል። ከሁለት አንዳችን ከዚያ ግቢ እንወጣለን። ሁለታችንም ገብቶናል።

"አንቺ ነሽ እንዴ?" አለኝ። "አሁን መብራት የሚይዝልሽ ማነው?"

ወንበሩ ስር አራት ባትሪ በተከታታይ ታስሯል፤ እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ተደምሮ አርባ ስምንት። መብራትና ክላክስ የሚፈልጉት አሥራ ሁለት ብቻ ስለሆነ ደንቡ አርባ ስምንቱን የሚያወርድ ኮንቨርተር መግጠም ነው። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ታክሲ ላይ ከባትሪው ወደ ዕቃው የሚሄደው አንድ ገመድ ነው፤ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ማሳ እንለዋለን። ቡሎን ፈልጎ ብረቱ ላይ ማሰር ነው፣ አለቀ። የጎልፍ ካርት ብረት ግን ኤሌክትሪክ እንዲያልፍበት አልተሠራም። ለእያንዳንዱ ዕቃ መሄጃም መመለሻም ገመድ መዘርጋት አለበት።

ሰውዬው ከመጀመሪያው ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ወሰደ፣ ማሳውን ለብረቱ ሰጠ፣ በግማሽ ቀን ጣሪያውን አበራው።

"ጋሼ፣ ይሄ ታክሲ አይደለም" አልኩት። "ማሳ ለብረቱ አይሰጥም።"

"መኪና መኪና ነው።"

"አንዱ ባትሪ ብቻውን ይደክማል እኮ።"

"በርቷል አልበራም?"

ማናጀሩ ጣሪያውን አየና "በርቷል እኮ" አለ። ያኔ ነው የተናደድኩት። የማዕድ ቤት ሴቶች በረንዳው ላይ ቆመው ያዩ ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ "ይሄ የሙሽራ መኪና ነው፤ የኮንቴይነር ቅራቅንቦዎን እዚህ አያምጡብን" አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ሰውዬው ካቻቢቴውን ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦ ፊቱን አዞረ። ደስ አለኝ። እንደዚያ ቀን ምሳ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ኮንቨርተር ፍለጋ ሁለት ቀን ዞርኩ። አንዱ ሱቅ "አልቋል"፣ ሌላው "በትዕዛዝ ነው" ይለኛል። አርብ ደረሰ። የሱን ባትሪ መንካት ሞቴ ስለነበር ከአራተኛው፣ ከመጨረሻው፣ አሥራ ሁለት ቮልት ወሰድኩ። እንዲህ መውሰዴ ራሱ እሱን የወቀስኩበት ነገር ነበር፤ ለጊዜው ነው ብዬ አለፍኩት። ድምፅ ማጉያውን በሁለት ገመድ ሠራሁ፤ ንጹህ ሥራ ነበር። ክላክሱ ከወሎ ሰፈር የገዛሁት የታክሲ ክላክስ ነው። እሱን ያሰርኩት መጨረሻ ላይ፣ ማናጀሩ ጭንቅላቴ ላይ ቆሞ "አላለቀም?" እያለ ሲነዘንዘኝ ነው። ሞከርኩት፣ ጮኸ። ክላክሱን እንዴት እንዳሰርኩት ያን ቀን ማታ ብትጠይቁኝ "በሁለት ገመድ" ብዬ እምል ነበር።

ቅዳሜ ሙሽሮቹ በሩ ላይ ከመኪና ወረዱ። እልልታው ቀለጠ። ማናጀሩ ሰውዬውን መሪ ላይ አስቀመጠው፤ ሱፍ ኮት አልብሶታል፣ እጅጌው ረዝሞበታል። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ልትወጣ ስትል ሰውዬው እጁን ከወንበሩ ስር ሰደደ።

ለካ ድብቅ ማብሪያ ገጥሟል። የካዛንቺስ ታክሲዎች ሌባ እንዳያስነሳቸው ማሳውን የሚቆርጥ ማብሪያ ወንበር ስር ይደበቅላቸዋል። ሠርቶ ሲጨርስ ያጠፋዋል፣ ለማንም አይናገርም። በአጥር ግቢ፣ ዘበኛ ለሚጠብቃት ጎልፍ ካርት ይህን የሚያደርግ እሱ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ እያጠፋው ይሄድ ነበር። አርብ እኔ ክላክሱን ስሞክርም ጠፍቶ ነበር።

ሲያበራው ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጭሱ ከወንበሩ ስር ወጣ። ሙሽራዋ ጮኻ ወደ ኋላ ዘለለች፣ እልልታው ቆመ። ሰውዬው እጁን መንጭቆ አወጣ፤ መዳፉ ተልጦ ነበር። ሮጬ ወንበሩን አነሳሁና የባትሪውን ገመድ በመፍቻ ፈትቼ ጣልኩት።

ከዚያ አየሁት። ከሱ ማሳ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ሌላ ቡሎን ላይ፣ ሌላ ማሳ ታስሯል። የክላክሴ መመለሻ ነው። የታክሲ ክላክስ የሚቀበለው አንድ ገመድ ነው፤ ማሳውን የሚያገኘው ከብረቱ ነው። እጄ ይህን ያውቅ ነበርና ሳያማክረኝ ከባትሪዬ ወደ ብረቱ ስቦ አስሮታል። የሱ ማሳ ብቻውን ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር። የኔም ብቻውን ቢሆን ምንም አይሆንም። አንዱ ከመጀመሪያው ባትሪ፣ አንዱ ከመጨረሻው መጥተው አንድ ብረት ላይ ሲገናኙ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ያሉት ባትሪዎች በዚያ ብረት በኩል ተቃጠሉ።

ማናጀሩ ያየው ማብሪያውን ነው። "ምንድነው ይሄ? ደብቀው ነው የሚሠሩት?"

"ወላሂ ይሄ ብቻውን አያቃጥልም" አለ ሰውዬው፣ የተቃጠለውን እጁን በሌላው ይዞ። "ሌላ ማሳ አለ።" ጎንበስ ብሎ አየ። ገመዱ ቡሎኑን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ቢቀልጥም መዳቡ እንደታጠፈ ነው። እንዲህ የሚያስር እሱ ነው። ሁለት ዓመት መብራት ይዤ ስቆም ያየሁትም እሱን ነው። ቀና ብሎ ወደኔ ዞረ።

"ይሄ ያንቺ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ንገሪው።"

"ያንቺ ገመድ አለበት?" አለኝ ማናጀሩ።

"የለበትም" አልኩ። "እኔ የምሠራው በሁለት ገመድ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስናገር ሰምተኸኛል።"

ማናጀሩ አጎንብሶ ሁለቱን ቡሎን አስተያየ። ስለ ኤሌክትሪክ ምንም አያውቅም፤ አስተሳሰሩ ግን ለማንም ይታያል። "ሁለቱም አንድ እጅ ነው እኮ" አለ። "በቃ፣ ይሂዱልን።"

ሰውዬው ሱፍ ኮቱን አውልቆ መሪው ላይ አንጠለጠለው። ሙሽሮቹ ድንኳኑ ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ እንዳልኩት፣ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ሰኞ ቋሚ ቅጥሬን ፈረምኩ።

እጠላው ስለነበር ነው የዋሸሁት እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አታልያለሁ። አይደለም። ጥላቻማ ቢሆን እውነቱን ተናግሬም ይወጣልኝ ነበር፤ የሱም ማሳ እዚያው ነበራ። የፈራሁት ለሥራዬ ነው። ከዚህም በላይ፣ ያ እጥፋት ከሱ የተማርኩት መሆኑን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማመን አልሆነልኝም።

ክረምቱ ሲወጣ ሰንጋ ተራ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ጥግ አገኘሁት። አስፋልት ዳር የአንድ ሚኒባስ የፊት መብራት ፈትቶ ይሠራል። መዳፉ ላይ ያለው ጠባሳ ፒንሳውን በደንብ አላስጨብጠውም። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ያ ማሳ የኔ ነበር።"

ቀና እንኳን አላለም። "እኔማ አውቃለሁ" አለ። "ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ሆቴሉን ታውቂዋለሽ።"

ሾፌሩ "ማናት?" ሲለው "እንጃ፣ መንገድ ጠፍቷት ነው" ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ከሰንጋ ተራ ካዛንቺስ ሩቅ አይደለም። በእግሬ ሄድኩ። ማናጀሩ ቢሮው ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ብቻውን ነው። ሰላም አልኩትና አለፍኩ።