በመናኸሪያው አጥር ሥር የጠረግነው ቦታ

ለአሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ በበቅሎና በሚኒባስ ቢሮ ገብቻለሁ። ይህን ለከተማ ሰው ስነግረው ይስቃል። ይሳቅ፤ ወገቡ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም።

ሥራዬ ደብረ ማርቆስ ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ግን ገጠር ነው። በይጁቤ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ ከእሷ እስከ ቤቴ በበቅሎ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ፣ ስንገናኝም ሰላም እንባባላለን። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት እነሣለሁ፣ በቅሎዬን ጭኜ እወጣለሁ፣ ከተማዋ ስደርስ መናኸሪያው አጠገብ አስራታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ በሚኒባስ ነው። ቢሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የፊርማው መዝገብ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመራል፤ ከቀዩ በታች የፈረመ አርፋጅ ነው። ማታ ደግሞ ያንኑ መንገድ መመለስ ነው።

"ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይተህ አትኖርም ወይ?" ያላለኝ ሰው የለም። እናቴን አያውቋትማ። ዓይኗ ከፈዘዘ ብዙ ጊዜው ነው። ከተማ እንግባ ባልኋት ቁጥር፣ "አባትህንም ወንድሞችህንም ያስቀመጥሁት እዚህ ደብር ነው፤ እኔ ወዴት ነው የምሄደው?" ትለኛለች። ቀን ቀን የእህቴ ልጅ አብራት ትውላለች፤ ምሳዋን ታበላታለች። ራት ግን እኔ ካልመጣሁ አትበላም። እህል አይወርድልኝም ትላለች። አንዳንድ ቀን ደክሞኝ ስገባ ያ መጠበቋ ራሱ ያበሳጨኛል። "በልተሽ ብትተኚ ምን ነበረበት?" ብዬ የተናገርኋት ቀን አለ። ያን ቀን አብሬያት ስበላ አንገቴን አቀረቀርሁ። ባታየኝም አቀረቀርሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። በቅሎዬን የማስርበት ቦታ ካለ ማታ እናቴ ዘንድ እገባለሁ፤ ከሌለ አልገባም።

ድሮ ቦታ ነበረን። ከመናኸሪያው ጀርባ ባሕር ዛፍ ያለበት ሜዳ ነበር፤ እንደ እኔ ከገጠር መጥተው ደብረ ማርቆስ የሚሠሩ ሃያ የምንሆን ሰዎች ሞተራችንን፣ ብስክሌታችንን፣ በቅሏችንን እዚያ ትተን እንሳፈር ነበር። የመናኸሪያው ዘበኛ ዓይኑን ይጥልልን ነበር። አንድ ቀን ስንመጣ ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል። ለባለሀብት ተሰጥቷል ተባልን። ባለሀብቱን እስከ ዛሬ አላየነውም፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስናይ ያለው እንክርዳድና አሜከላ ነው።

ምን እናድርግ፣ ከቆርቆሮው ውጭ፣ በመናኸሪያው አጥር ሥር ባለችው ጠባብ ቦታ ተደራረብን። ሞተር በሞተር ላይ፣ ብስክሌቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ በቅሎዎቹ ደግሞ በመናኸሪያው በር በኩል። ሚኒባስ ሲወጣና ሲገባ ሾፌሮቹ ይጮኹብናል። "ይችን አህያ አንሡልን" ይላሉ። በቅሎ መሆኗን ያውቃሉ፤ እኔን ለማናደድ ነው። ትናደዳለህ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ እናደዳለሁ። ከጊዜ በኋላ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በአጥሩ ሥር ማናቸውንም ነገር ማቆምና ማሰር ክልክል ነው ይላል።

የእኛ መሰብሰቢያ ሚኒባሱ ነው። እዚያው እየተጓዝን መከርን። ታላቃችን አንድ መሪጌታ ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ ቤተ ክህነት ይሠራሉ፣ እሳቸውም ባለ በቅሎ ናቸው። ለማዘጋጃ ቤቱ የምናስገባውን ማመልከቻ እሳቸው ይጻፉት ተባለ። ጻፉት። ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች፣ በሞተር የምትመጣ፤ ተቀብላ አነበበችውና፣ "መሪጌታ፣ ግሩም ነው፤ ግን ጥያቄያችን የት ላይ ነው ያለው?" አለቻቸው።

"ሁለተኛው ገጽ ላይ ታገኝዋለሽ፣ ልጄ። መጀመሪያ ሹሙ ይመስገን እንጂ" አሏት።

ፊርማ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሁሉም ይፈርማል፤ መጀመሪያ የሚፈርም ግን የለም። ወረቀቱ ከወንበር ወንበር እየዞረ ባዶውን ይመለሳል። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ኃላፊ ሲቆጣ የሚያየው የመጀመሪያውን ስም ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አልሁና ፈረምሁ። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶው ከእጅ እጅ ተነጣጠቀ።

ማዘጋጃ ቤቱ ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ ባልናገር ይሻላል። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ኃላፊው መስክ ናቸው። ደብዳቤው ገና አልተመራም። ነገ ይምጡ። የሚያናድደኝ ይህ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ደብረ ማርቆስ በመስኮቴ በኩል ለሰው የምለው ይህንኑ ነው፣ በዚሁ ድምፅ፣ ቀና ሳልል። ወረፋ ቆሜ የራሴን ንግግር ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። አሳፈረኝ፤ ግን ታረምሁ ብዬ ዋሽቼ አልናገርም፤ ዛሬም "ነገ ይምጡ" እላለሁ።

በመጨረሻ ኃላፊው አገኙኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቁጭ በል አሉኝ። "በወረቀት አንወስንም። ኮሚቴ ሐሙስ በሦስት ሰዓት መጥቶ ችግሩን በዓይኑ ያያል። ካመነበት ከታጠረው ላይ አንድ ጥግ ይከለልላችኋል" አሉ። ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። ማታውን ለእናቴ ነገርኋት፤ "እግዜር ይስጣቸው፣ እንዲህ ያለም ሹም አለ" አለች።

ረቡዕ ሚኒባስ ውስጥ ስለ ሐሙሱ ተነጋገርን። ነርሷ፣ "ምንም አንነካም። እንዳለ ይዩት፤ እንደውም የቀረ ሰው ካለ ሞተሩን ይዞ ይምጣ" አለች።

እዚህ ላይ ነው እኔ የተናገርሁት። መሪጌታ ተናግረው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእሳቸው አሳብቤ እኖር ነበር፤ የተናገርሁት ግን እኔ ነኝ። "ሹም አክብሮ ሲመጣልን ፋንድያ ላይ ነው የምናቆመው? ያውም እሺ ያለንን ሰው? ጠርገን፣ ቦታ ለቀን ነው እንጂ የምንቀበለው" አልሁ። ሁሉም ልክ ነው አለ። መሪጌታም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከወንዝ ማዶ የዘመዳቸው ሰፊ ግቢ እንዳለና ለአንድ ቀን እንደማይነፍጋቸው ተናገሩ።

"ችግሩን ጠርጋችሁ ምን ልታሳዩአቸው ነው?" አለች ነርሷ።

የዛሬ ልጅ ወግ አያውቅም አልሁ በልቤ። ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ሐሙስ ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ በሌሊት መጣሁ። በቅሎዎቹን፣ ሞተሮቹን፣ ብስክሌቶቹን ሁሉ ወንዙን አሻግረን የመሪጌታ ዘመድ ግቢ አስገባን፤ በእግር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ነርሷም ሳትወድ አስገባች፤ ለመሪጌታ እንቢ አይባልማ። ተመልሰን አጥሩ ሥር ጠረግን። ፋንድያውን አፈስን፣ ጭዱን ለቀምን፣ ዘይት የፈሰሰበትን በአፈር ሸፈንን። ከሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር ተዋስን። ስንጨርስ ቦታው አማረ። ራሴን ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፤ ዞር ብዬ አየሁትና ደስ አለኝ።

ኮሚቴው በሰዓቱ መጣ፤ ሦስት ሰዎች ናቸው። ተቀመጡ ብንላቸው ቆመን ይበቃናል አሉ። ወዲያና ወዲህ አዩ። አንደኛው ማስታወሻ ይዟል።

"ቦታው ይሄ ነው?"

"አዎ ጌታዬ።"

"የሚጣበበውስ የት ላይ ነው?"

መሪጌታ ማስረዳት ጀመሩ፤ በሌላው ቀን እዚህ ድረስ፣ እስከዚያ ድረስ እያሉ በዘንጋቸው ባዶውን መሬት ያሳያሉ። ሰውየው በትዕግሥት አዳመጣቸው። ከዚያ፣ "ዛሬ የመጣችሁበትን ሞተርና በቅሎ የት አቆማችሁት?" አለ።

"ከወንዝ ማዶ፣ ዘመድ ግቢ" አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁ።

"እንግዲያ ማቆሚያ አላችሁ ማለት ነው" አለ። ክፋት የለበትም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። ጻፈ። ነርሷ "ለዛሬ ብቻ ነው፣ ለእናንተ ብለን ነው" ብላ ወደ ፊት ወጣች፤ ሰውየው ግን ማስታወሻውን ዘግቶ፣ "ስለ አቀባበላችሁ እናመሰግናለን፤ ንጽሕናው ለሌላውም ምሳሌ ነው" ብሎ እጃችንን በየተራ ጨብጦን ሄደ።

ቃለ ጉባኤው በሳምንቱ ደረሰን። ኮሚቴው በአካል ተገኝቶ አይቷል፣ የተባለው መጨናነቅ አልታየም፣ አመልካቾቹም አማራጭ ቦታ እንዳላቸው በቃላቸው አረጋግጠዋል ይላል። ሙያዬ ስለሆነ ቃለ ጉባኤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ኃላፊ ይቀየራል፣ ሰው ይሞታል፣ ቃለ ጉባኤ ግን ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ይላል። ይግባኝ ብለን ስንሄድ ያነበቡልን እሱኑ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ደግሞ አለባብሼ ያረስሁት የራሴን ማሳ ነው። ነርሷ አንድም ቀን "ብያችሁ ነበር" አላለችኝም። ምነው ባለችኝ። በኋላ ዝውውር አግኝታ ሄደች።

የመሪጌታ ዘመድ ያን አንድ ቀን በጨዋነት ቻለን እንጂ በቅሎዎቹ የጭድ ክምሩን በልተውበት ነበር፤ ሁለተኛ አንጠይቀውም። ወሩ ሲገባ ክልከላው ጸና። እኔ በቅሎዬን ከከተማው ዳር የከብት ገበያው ግንድ ላይ ማሰር ጀመርሁ። ከዚያ እስከ መናኸሪያው ሮጬም አይሆንልኝ፤ ሦስት ጊዜ ከቀዩ መስመር በታች ፈረምሁና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አንድ ማታ ስመለስ ገመዱ ተቆርጦ በቅሎዬ የለችም። በሁለተኛው ቀን ገደል ሥር ጉልበቷ ተልጦ ተገኘች። እሷን እየሳብሁ ወደ ቤት ስሄድ ነው የቆረጥሁት። አቃተኝ። ደብረ ማርቆስ አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ።

እናቴ ስነግራት አልተቃወመችም። "እንጀራ ነው" አለች፣ ያን ብቻ። እኔም ዓርብ ዓርብ እየመጣሁ እሑድ እመለሳለሁ አልኋት። የእህቴ ልጅ እንደነገረችኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማታ ማታ ራቷን አልቀበልም ብላ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትቀመጥ ነበር። እንደማልመጣ ታውቃለች፤ ልጅቷም ትነግራታለች። እስኪደክማት ተቀምጣ ትተኛለች። ሐሙስ ሐሙስ ትንሽ ትቀምሳለች አለችኝ።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆነ። አንድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልነሣ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ልጄ፣ በየሳምንቱ አትምጣ" አለችኝ።

"ምነው እምዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህ። መጥተህ ስትሄድ ሰኞ እንደገና መጠበቅ እጀምራለሁ። ሐሙስ ላይ እለምደዋለሁ፤ ዓርብ ትመጣና ታፈርስብኛለህ። አልቻልሁም፣ ደከመኝ።"

እሺ አልኋት። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው የምሄደው።