እትዬ ያልመቱት ከበሮ

ስልኬን ባየሁ ቁጥር ድንጋይ ላይ መፈጥፈጥ ያምረኛል። ጥፋቱ የስልኩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል።

እኔ መሰንቆ እጫወታለሁ፤ ታላቅ እህቴ ከበሮ ይመቱ ነበር። እትዬ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት። ከሞላሌ እስከ ዘመሮ ባለው አገር ሁለታችን ያልገባንበት የሰርግ ዳስ ጥቂት ነው። እትዬ ከበሮውን ከመምታት ይልቅ ማቆሙን ያውቁበታል። በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ ከዳሱ መሀል ተነስቶ «ተቀበል!» ካለ ግጥም ሊሰጥ ነው፤ እኔ በመሰንቆ እየተቀበልኩ እደግምለታለሁ። ግጥሙ የጨዋታ ከሆነ ከበሮው ያጅበዋል። የሐዘን ከሆነ ግን እትዬ መዳፋቸውን ቆዳው ላይ ያሳርፉና ዝም ይላሉ፤ ዳሱም አብሯቸው ዝም ይላል። ገና ሽማግሌው አፉን ሲከፍት የትኛው እንደሆነ ያውቁታል። እንዴት እንደሚያውቁት አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።

አምና ጉልበታቸውን አመማቸው። አንዱን ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ ይቀመጣሉ፣ እኔ ብርዱ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። መጠበቅ ሰለቸኝ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ አልፈልግለትም።

በዚያው ሰሞን ሞላሌ ገበያ ስልክ የሚጠግን ሰው አንድ መተግበሪያ ጫነልኝ። መሰንቆውን እየሰማ ከበሮውንም ጭብጨባውንም እልልታውንም ራሱ ፈጥሮ ያጅብሃል አለኝ። እውነትም አጀበኝ፤ ድምፁ ግን የከተማ ጭፈራ ቤት ሆነብኝ። «የምትወደውን ከበሮ ቅዳና ስጠው፣ ይማራል» አለኝ ጠጋኙ።

ቤት ገብቼ «እትዬ፣ እስቲ ይምቱልኝ፣ ለማስታወሻ ልቅዳው» አልኳቸው። ዋሸኋቸው። ደስ ብሏቸው እስኪመሽ ድረስ መቱልኝ። «ስሞት ትሰማዋለህ» አሉ እየሳቁ።

የሚቀጥለው ሰርግ ሲመጣ አልጠራኋቸውም። «ጉልበትዎን ያሳርፉ» አልኳቸው፣ አሳቢ መስዬ። ሙሽራዋ የጎረቤት ልጅ ነበረችና እሳቸውም በእንግድነት ተጠርተው ከሴቶቹ መሀል ተቀመጡ። ስልኬን ከድምፅ ማጉያው ጋር አያይዤ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ምት ሲሰማ እትዬ ቀና አሉ። አንዷ «እንዴ፣ የእሳቸው እጅ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔ ወደ እሳቸው አላየሁም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እኔ ነበርኩ።

ጥቂት እንደተጫወትን የሙሽራዋ አያት ተነሱ። የሙሽራዋ አባት፣ ማለት የእሳቸው ልጅ፣ ሙት ዓመቱ ካለፈ ገና ወሩ ነበር። «ተቀበል!» አሉኝ።

«ዳሱ ሞልቷል አሉ፣ እኔ መች አየሁኝ፣
የሙሽሪት አባት ይመጣል እያልኩኝ።»

ቀስ ብዬ ተቀበልኳቸው፤ መተግበሪያውም ቀስ አለ። ሽማግሌው የሚቀጥለውን ሊሰጡ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ እኔም መሰንቆዬን ዝም አሰኘሁ። ያ የተረገመ ነገር ግን ዝምታውን ባዶ ቦታ መሰለው። ከበሮውን አጣደፈው፣ ጭብጨባ ጨመረበት፣ በላዩ ላይ እልልታ ለቀቀበት። ልጁ በሞተበት ሰው ላይ እልልታ! ላጠፋው ብል ጣቴ ተንሸራተተ፣ ድጋሚ ነካሁት፣ ድጋሚ ተንሸራተተ። ሽማግሌው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ሰዉ ወደ እኔ ቢዞር ደግ ነበር። የዞረው ወደ እትዬ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የለመደው እጅ ነዋ። እሳቸው ሁለት ባዶ እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው አሳዩ።

በማግስቱ ወደ ሽማግሌው ቤት ዳገቱን ሲወጡ ተከተልኳቸው። ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። ደጃፉ ስንደርስ ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱና ማጅራታቸው ላይ ጫኑ፤ በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው። ደሜ ፈላ። «እኔ ነኝ የበደልኩ፣ እትዬ! ያምጡት!» ብዬ ልነጥቃቸው ሞከርኩ።

«ልቀቅ! የተሰማው የኔ እጅ ነው» አሉኝ።

ሽማግሌው ወጥተው ሲያዩአቸው «ተይ እቴ፣ ጣይው፣ በእግዜር» እያሉ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው። ሁለቱ ተያይዘው ተላቀሱ። ማንም ግባ ያለኝ የለም።

መተግበሪያውን ያን ዕለት አጠፋሁት። እትዬ የመቱልኝ ቅጂ ግን ስልኩ ውስጥ አለ። ስልኩን አንስቼ ድንጋይ ላይ ልፈጥፍጠው እልና እተወዋለሁ፤ እትዬ ከዚያ ወዲህ ከበሮ አልነኩም።