ለጠማማ ክንድ የተሠራ ዘንግ

ሚስቴ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። ይህን ለሰው ስናገር ሁሉም የሚያስበው ወንበር ላይ ተቀምጣ ደረሰኝ ስትቆርጥ ነው። እሷ ግን ቢሮ የምትገባው ፊርማ ለመፈረም ብቻ ነው። ሥራዋ ከመሬት በታች የጠፋ ቫልቭ መፈለግ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ውሃው የሚዘጋው በቫልቭ ነው። ቫልቩ የብረት ክዳን ተደርጎለት መንገድ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ መንገድ ሠሪዎች ይመጡና ክዳኑን በአስፋልት ደፍነውት ይሄዳሉ። ዓመት ቆይቶ ቧንቧው ሲፈነዳ፣ ሰፈሩ ሲጥለቀለቅ፣ ቫልቩ የት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል። ያኔ እሷ ትጠራለች። ብረት መፈለጊያውን ይዛ ትመጣለች፤ ከዘንጉ ጫፍ ያለውን ክብ ሳህን አስፋልቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ትራመዳለች፤ ከሥር ብረት ካለ ማሽኑ ይጮሃል። ባልደረቦቿ "ጆሮ" ይሏታል። ጆሮስ ጆሮ ናት፣ የማትሰማው እኔን ብቻ ነው።

እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ጎማ የሚለጥፍ ሁሉ ጠጋኝ ነኝ ይላል፤ የኔ ሙያ ግን የእሽቅድምድም ብስክሌት ስብራት ነው። እነዚያ የሚሠሩት ከካርቦን ፋይበር ነው። ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ሙጫ አጠጥተህ ቅርጽ ላይ ትጠቀልለዋለህ፣ ሲደርቅ እንደ ሸምበቆ ይቀላል፣ ብረት የሚችለውን ይችላል። ቁጡም ነኝ፤ ከሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ። ደንበኛ መጥቶ አናቴ ላይ ቆሞ "ገና ነው?" ካለኝ፣ ብስክሌቱን አውጥቼ በሩ ላይ አቆምለታለሁ። ሚስቴ አትቆጣም። ዝም ትልና ያሰበችውን ታደርጋለች። ሁለታችን አንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደምንኖር አማቴ እስከ ዛሬ አልገባቸውም።

አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ የተቆፈረ ቦይ ጫፍ ላይ ቆማ ሳለ አፈሩ ተናደ። ቀኝ ክንዷ ከሥሯ ሆኖ ወደቀች። ዘለው ገብተው ያወጧት አለቃዋ ናቸው፤ ያን ውለታ አልረሳም። አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ጠሞ ገጠመ፤ ከክርኗ ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ ጎበጥ አለ። ሐኪሞቹ "እንደገና ሰብረን እናቅናው" ሲሏት፣ "አንዴ የተሰበረው ይበቃዋል" አለቻቸው። የሻይ ማንቆርቆሪያ ስታነሳ ፊቷ ይለዋወጥ ነበር፤ እኔም እንዳላየ ሰው ወደ መስኮቱ እዞር ነበር።

አለቃዋ ቤት ድረስ መጡ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያስጨንቅ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ። ባርኔጣውን ሳየው ነገሩ ገባኝ።

"ከእንግዲህ መጋዘን ነሽ" አሏት። "ቁጭ ብለሽ ዕቃ ትሰጫለሽ፣ ዕቃ ትቀበያለሽ። ፍለጋውን ቀውላላው ይያዘው።"

ቀውላላው ባልደረባዋ ነው። ቁመቱ በር ላይ ሳይጎነብስ የማያልፍ፣ ልቡ ግን ንጹሕ ሰው።

"ቀውላላው ጎበዝ ነው" አለች። "ግን እኔ መጋዘን አልገባም።"

"እጅሽ እኮ..."

"እጄ እዚሁ ከኔ ጋር ነው።"

"ልጄ፣ ከዚያ ጉድጓድ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ። ጩኸትሽ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሁለተኛ አታሰሚኝ።"

እኔ ሽማግሌው ልክ ናቸው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ዋጥኩት።

"እንግዲያው ይፈትኑኝ" አለች። "የመረጡትን ጎዳና ከጫፍ እስከ ጫፍ እሄዳለሁ። ማሽኑን አንዴ መሬት ካስቀመጥኩ፣ አንድ ቫልቭ ካመለጠኝ ወይም ባዶ ቦታ ካስቆፈርኩ፣ በገዛ እግሬ መጋዘን እገባለሁ። አልጨቀጭቅዎትም።"

ባርኔጣቸው ብዙ ዞረ። በመጨረሻ ራሳቸው ላይ አደረጉትና "እሺ" አሉ።

በሩ እንደተዘጋ ደሜ ፈላ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። ሞኟን ያገባሃት አንተ ነህ።" ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። "መጋዘን ከገባሁ እኔም እዚያው እንዳሉት ዕቃዎች ነው የምሆነው። አንዱ መጥቶ እስኪፈልገኝ መደርደሪያ ላይ እቀመጣለሁ። ተወው አሁን፣ ይልቅ ማሽኑን አቅልልኝ።"

ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩና እንደ ታማሚ ብስክሌት መረመርኩት። ዘንጉ ደደብ የብረት ቱቦ ነው። ባትሪው ከፊት፣ ሳህኑ ከፊት፤ ክብደቱ በሙሉ ወደፊት ተሰብስቦ የእጅ አንጓዋ ላይ ይንጠለጠላል። የክንድ ማሳረፊያው ደግሞ ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ያ ጎባጣ አጥንቷ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ላይ ከጠርዙ ጋር ሲፋተግ ይውላል። ይህን የሠራው ሰው ክንድ አይቶ አያውቅም አልኩ። ከዚያ ባትሪውን ከክርን ኋላ ላደርገው ወሰንኩ፤ ኋላው ሲከብድ ፊቱ ይነሳል፣ ሚዛን ማለት ሌላ አይደለም። ዘንጉን ከካርቦን እጠቀልላለሁ። ማሳረፊያውን ግን በልክ መሥራት ያስፈልጋል፤ በሷ ልክ።

ኩሽና ውስጥ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት። በስስ ላስቲክ ሸፈንኩትና ቅርጹን ለመውሰድ እርጥብ ጀሶ ለጠፍኩበት። ጀሶ ሲደርቅ ይሞቃል፤ እስኪደርቅ በሁለት እጄ ይዤው ተቀመጥኩ። ከአደጋው ወዲህ ያን አጥንት በደንብ ስነካው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እንዳያማት እያልኩ እሸሸው ነበር፤ ለካ እሷ ሁሉንም ታይ ኖሯል።

"አይነክስም እኮ" አለችኝ ቀስ ብላ።

አንጀቴን በላችው። ጀሶው ደርቆ እንኳ እጄን ወዲያው አላነሳሁም።

ከዚያ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ሠራሁ። ደንበኛ ቢያንኳኳ "የለሁም" እያልኩ ከውስጥ እጮህ ነበር። በሰም የታሸ ቱቦ ላይ ካርቦኑን ጠቀለልኩ፣ ደረቀ፣ ቱቦውን መዝዤ አወጣሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ማሳረፊያውን ከጀሶው ቅርጽ ላይ አነሳሁት፤ ያ ጉብታ የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፣ ውስጡን በስፖንጅ አለበስኩት፣ ክንዷን የሚይዝ ማሰሪያም አደረግኩለት። ስገጣጥመው ዘንጉ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ሆነ። በአንድ ጣት ሚዛኑን ጠብቆ ይቆማል። ጎረቤቶቼን ሳይቀር ጠርቼ አሳየሁ። በሕይወቴ ከዚያ የሚያምር ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ሚስቴ ሱቅ ድረስ መጥታ ክንዷን አስገባች፣ አነሳችው፣ ፊቷ አልተለወጠም። ግቢ ውስጥ ማወዛወዝ ጀመረች። ማሽኑ ጮኸ። ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ጮኸ። ተመለሰች፣ ጮኸ። የሱቁ ግቢ በሙሉ ብረት የተቀበረበት ይመስል ያለማቋረጥ ይንጫጫል።

"ይዋሻል" አለች።

"ምን ማለት ነው ይዋሻል?"

"ብረት በሌለበት አለ ይላል። ይሄን ይዤ ብወጣ ጎዳናውን ሙሉ አስቆፍራለሁ።"

"አያያዝሽ ነው" አልኳት።

አትቆጣም ብያችኋለሁ። ማሽኑን ወንበር ላይ አስደግፋ ሳህኑ እንዳይነቃነቅ አደረገች። ማሽኑ ዝም አለ። ከዚያ ከሱቁ ወለል የካርቦን ቁራጭ አነሳችና ወደ ሳህኑ አስጠጋችው። ጮኸ። አራቀችው፣ ዝም አለ። ደግማ አስጠጋችው።

"ካርቦን ብረት አይደለም" አልኩ፤ እኔ ራሴ ድምፄ ሲያንስ ተሰማኝ።

"ብረት አይደለም፤ ማሽኑ ግን ይሰማዋል። ሳወዛውዘው ዘንጉ ትንሽ ይተጣጠፋል፣ ጫፉ ወደ ሳህኑ ጠጋ ራቅ ይላል፤ በዚያ ቁጥር ይጮሃል። የድሮው ቱቦ ብረት ቢሆንም ስለማይተጣጠፍ ማሽኑ ለምዶት ነበር።"

ተነስቼ ወጣሁ። ሰፈሩን ዞርኩ። መንገድ ላይ ሰላም ያለኝን ሰው ገላመጥኩ። ካርቦን መብራት እንደሚያስተላልፍ እኔው አውቃለሁ፤ ከመብራት ሽቦ ጋር አታነካኩ እያልኩ ደንበኛ የምመክር ሰው ነኝ። ግን ማሽኑን ለማቅለል ስቸኩል፣ ማሽን መሆኑን ረሳሁት። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ ማለት ይሄ ነው። ስመለስ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ዘንጉን የሥራ ጠረጴዛው መቆንጠጫ ላይ አሰርኩት፣ መጋዙን አነሳሁ፣ የታችኛውን ግማሽ ቆርጬ ጣልኩት። ስቆርጠው አላየኋትም።

የታችኛውን ክፍል ፋይበርግላስ ከሚባለው ነጭ የመስታወት ክር ጨርቅ እንደ አዲስ ጠቀለልኩ፤ እሱ መብራት አያስተላልፍም፣ ማሽኑም አይሰማውም። ሳህኑን የሚያስረውን የብረት ቡሎንም በፕላስቲክ ቀየርኩ። ዘንጉ ከላይ ጥቁር ከታች ነጭ ሆኖ፣ ውበቱ ጠፋ። ግቢው ውስጥ አወዛወዘችው። ዝም። አንድ ሚስማር ጣልኩላት፣ እሱ ላይ ብቻ ጮኸ።

"አሁን እውነተኛ ሆነ" አለች።

የፈተናው ቀን አለቃዋ ረጅሙን ጎዳና መረጡ፤ በሁለት በኩል ሱቅ የተደረደረበት፣ አስፋልቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ የተደራረበ። ቀውላላው የቫልቮቹን ፕላን ይዞ ከኋላ ይከተላል። እኔም ሄድኩ። ከመጀመሯ በፊት ጠጋ ብላ፣ "ምንም ብታይ እንዳትነካኝ። ከነካኸኝ ጉድህ ይፈላል" አለችኝ። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

መሃል እስክትደርስ ድረስ ክንዷ ተሰብሮ እንደነበር አያስታውቅም ነበር። በየቦታው እየቆመች "ጠመኔ" ትላለች፣ ቀውላላው መሬቱ ላይ ክብ ይሠራል፣ ከፕላኑ ጋር ያስተያይና "ልክ ነሽ እታለም" ይላል። ከዚያ ውዝዋዜዋ አጠረ። አንገቷ ላይ ላብ ወረደ። ከንፈሯን ነክሳለች። አለቃዋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ማሽከርከር ጀመሩ። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨብጬ መዳፌ ሊበሳ ምንም አልቀረውም።

ጎዳናው ሊያልቅ ሲል፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ፊት ማሽኑ ጮኸ። ቀውላላው ፕላኑን አየ፣ ገለበጠው፣ መልሶ አየ።

"እዚህ ቫልቭ የለም" አለ። ድምፁ ያሳዝናል።

ዘንጉ ነው። ክንዷ ስለደከመ ዘንጉ ተንቀጥቅጦ፣ የኔ ካርቦን እንደገና ዋሽቶ ነው ብዬ አሰብኩ። የገዛ እጄ ሥራ መጋዘን ሊያስገባት ነው። እሷ አንድ ጊዜ ዘወር ብላ አየችኝ፤ ምን እንዳሰብኩ ገብቷታል። ተመለሰችና በዚያው ቦታ ላይ በቁመት አወዛወዘች፣ በአግድም አወዛወዘች። በሁለቱም ጮኸ።

"ጠመኔ" አለች።

"ፕላኑ ላይ እኮ..."

"ዘንጉ አይዋሽም። ባሌ ነው የሠራው። አክብብ።"

አከበበ። ቆፋሪ ሠራተኛ መጥቶ አስፋልቱን ቀደደ። አንድ ሽፋን፣ ሌላ ሽፋን። ልብስ ሰፊው ሥራውን ጥሎ በሩ ላይ ቆመ። ከሦስተኛው ሽፋን ሥር ዶማው ብረት መታ፤ የዛገ ክብ ክዳን። አለቃዋ ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው ጠረጉት።

"ይሄማ የድሮው መስመር ነው" አሉ። "እኔ ራሴ ጎልማሳ ሳለሁ ዘግቼዋለሁ። ረስቼው..."

የቀረችውን ሄደች። ማሽኑን መሬት ሳታስቀምጥ ጫፍ ደረሰች።

"ግሩም ዕቃ ነው" አለ ቀውላላው። "እስቲ ልሞክረው እታለም።"

አልሰጠችውም። ፈገግ ብላ ቆማለች፣ ግን አልሰጠችውም። ያኔ እጇን አየሁ። ጣቶቿ መያዣው ላይ ተቆልፈው ነጭ ሆነዋል፤ ልትፈታቸው ብትልም አይታዘዟትም። አለቃዋ እየመጡ ነበር። ፈጠን ብዬ ሄድኩና በሰፊው ትከሻዬ ከለልኳት።

"ቆይ፣ ማሰሪያው ያስቸግራል፤ እኔ ልፍታልሽ" አልኩ ጮክ ብዬ።

አውራ ጣቷን አላቀቅኩ። ከዚያ ሌባ ጣቷን። አንድ በአንድ እየሳብኩ ፈታኋቸው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፣ አልፈሰሰም። መንካት ተከልክዬ እንደነበር ማንኛችንም አላነሳነውም።

ቀውላላው ማሽኑን ተቀብሎ ክንዱን ወደ ማሳረፊያው ከተተ። አልገባም። አዙሮ ሞከረ። ቀጥ ያለ ጤነኛ ክንዱ ከዚያ ጎድጓዳ ጋር አልስማማ ብሎ ጠርዙ ቆነጠጠው። አለቃዋም ሞከሩ፤ የሳቸውንም አልቀበል አለ። ማሽኑን ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት።

"ይሄ ነገር ያለ ባለቤቱ አይሠራም" አሉ በመጨረሻ። "ሴትዮዋን መጋዘን ባስቀምጥ ማሽኑም አብሮ መቀመጡ ነው።" ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉ። "ነገ በሰዓትሽ ግቢ። ቦይ ጫፍ ላይ ግን ስትቆሚ እንዳላይሽ።"

ወደ ቤት ስንሄድ ማሽኑን በግራ እጇ ይዛዋለች።

"መያዣው ወፍሯል" አለች። "ጣቶቼ የተቆለፉት ለዚያ ነው። አቅጥነው።"

"ዛሬ እረፊ እንጂ።"

"ነገ ሥራ አለኝ።"

ሞኝና ወረቀት ልላት ነበር፣ ተውኩት። ወደ ቤት በሚያስገባው መታጠፊያ ሳንታጠፍ ቀጥ ብለን ወደ ሱቁ ሄድን። ማሽኑን ልያዝልሽ ለማለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።