የስንት ስብሰባ ተክል ልስጥዎ?

በ1974 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው አልነበረም። የሚሠራ ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ የቀረው ስብሰባ ላይ ነው። እኔ እምሩ እባላለሁ፣ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ከቸርችል ጎዳና አናት፣ ከአንድ የድሮ የጣሊያን ሕንፃ ሥር፣ ከመስኮት በማትበልጥ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። በዚያ ዘመን ሰው ሰዓቱን የሚያሠራው ሥራ እንዳይረፍድበት ብሎ አልነበረም። ስብሰባ የቀረ ሰው ኅብረት ሱቅ ሲሄድ ስኳሩ እንደሚያዝበት ያውቃል። እንጀራዬ ነበርና ስብሰባን አላማም።

ከሱቄ አጠገብ፣ በተዘጋው ኬክ ቤት ደረጃ ላይ፣ ለተኪዳን የምትባል ሴት ተክል ትሸጥ ነበር። ከአዲግራት በሙሽርነቷ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ሴት ናት። ባሏ አታክልቲ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በ69 ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘመተ፤ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። የቀረቻት አንድ ልጅ ናት፣ ዘውዲ። አባቷ ሲዘምት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሰባት ሆኗታል።

መካሪ አላጣችም። ጎረቤቱ ሁሉ «ፋብሪካ ግቢ፤ ደመወዙ አይቀርብሽም» ይላት ነበር። ፋብሪካ መግባት ማለት ግን ልጅቷን ከጠዋት እስከ ማታ ቆልፎባት መሄድ ነው። «ልጄን እንደ ዕቃ ቆልፌባት አልሄድም» አለችና፣ የወተት ዱቄት ጣሳ እየሰበሰበች፣ አፈር እየሞላች፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ዘውዲ ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ ደብተሯን ትጽፋለች። ቀበሌውም «ለጊዜው» የሚል ማኅተም ያለበት የፈቃድ ወረቀት ሰጥቷት ነበር። የዚያች ሴት ሀብት ይኸው ነው፤ ደረጃው፣ ወረቀቱና ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ።

መጀመሪያ የምትሸጠው ጽጌረዳ ነበር፣ ለዓይን የሚያምር። ችግሩ ገዢው ሁሉ በሳምንቱ እንጨቱን ይዞ መመለሱ ነው። ከሁሉ የባሰችው አስካለ ናት፤ አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት የሆነች የሦስት ልጆች እናት። በሁለት ወር ሦስት ጽጌረዳ ገደለች። ሦስተኛውን ይዛ የመጣች ዕለት እኔም መስኮቴ ላይ ነበርኩ።

«ዋይ አነ! ምን አደረግሽው?» አለች ለተኪዳን።

«ምንም አላደረግሁትም።»

«እሱንማ አየሁት። ለመሆኑ ቤትሽ የምትገቢው መቼ መቼ ነው?»

አስካለ ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። «ሰኞ የመሥሪያ ቤት ውይይት አለ። ማክሰኞ የሴቶች ማኅበር። ረቡዕ ቀበሌ። ሐሙስ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ ነው፣ እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ።»

«ዓርብስ?»

«ዓርብ ያመለጠኝን ስብሰባ ማካካሻ ነው።»

ለተኪዳን ጽጌረዳዎቹን ወደ ኋላ ገፋችና ከጥግ አንድ ወፍራም ሬት ጎተተች። «ይኸን ውሰጂ። ውሃ በወር አንዴ ብታገኝ በቂዋ ነው። ብትረሺያትም አትቀየምሽም» አለቻት። ሬቷም እውነትም አልሞተች። አስካለ እንደ ተአምር ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አወራች።

ከዚያ በኋላ ለተኪዳን ገዢ ሲመጣ ቤትዎ ፀሐይ ይገባል ወይ፣ መስኮቱ በየት በኩል ነው ብላ አትጠይቅም። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «በሳምንት ስንት ስብሰባ አለብዎ?» የሚናገሩትን ሰምታ ትደምራለች። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደ አንድ ስብሰባ ይቆጠራል። «ባልሽ ቤት ነው የሚውለው?» ትላለች፤ ገዢዋ «አዎ» ካለች አንድ ስብሰባ ትጨምርባታለች። እስከ ሁለት ስብሰባ ያለበት ጽጌረዳ ይወስዳል። ሦስትና አራት ያለበት ግድግዳ ላይ የሚሳበውን ሐረግ። አምስት ከሆነ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን። ከስድስት በላይ ያው ሬት ነው። ተማርን የሚሉ ሰዎች እየመጡ ሲስቁ አየሁ፤ ስቀው ግን የታዘዘላቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። ተክሉም ይበቅላል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አራዳ አራዳ መሆኑ የመጣው። ሰው ተክሉን የሚያስቀምጠው መስኮት ላይ ነው። የለተኪዳን ደንብ ከታወቀ ወዲህ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ መስኮት ማንበብ ጀመረ። የውቤ በረሃ ልጆች ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው እየተንጎራደዱ «እቺ ቤት አራት ናት፣ ያቺ ሰባት፣ እነዚህኞቹ ደግሞ ጽጌረዳ! ስብሰባ የሚባል አያውቁም፣ አራዶች ናቸው!» ይላሉ። ቀልዱ ለቀልደኛው ቀልድ ነው። ጽጌረዳ መስኮቱ ላይ ላለ ሰው ግን እንቅልፍ ይነሳል። ባንድ ወር ውስጥ ጽጌረዳ የገዛ ሁሉ እየሮጠ በሬት ለውጪልኝ ማለት ጀመረ። አንድ ስብሰባ ረግጦ የማያውቅ የወርቅ ቤት ባለቤት ሦስት ሬት ገዝቶ በሦስቱም መስኮቱ ላይ ደረደረ። እንዲህ ያለ ንቁ ታጋይ በሠፈራችን መኖሩን ያወቅነው ያኔ ነው።

አንዲት ሴት ብቻ ጽጌረዳዋን አልለወጠችም። እሷም የቀበሌያችን ሊቀመንበር የጓድ ወልደገብርኤል ሚስት፣ ወይዘሮ የሺ ናት። ወይዘሮ የሺ ውሸት የማታውቅ ሴት ነበረች። ለተኪዳን ስትጠይቃት «እኔማ አንድም የለብኝ፤ ጓድ ለሁለታችንም ይሰበሰባል» ብላ ነው ጽጌረዳ የወሰደችው። ጓድ ወልደገብርኤል በሳምንት አሥራ አንድ ስብሰባ ነበረባቸው። በአሥራ አንዱም ላይ ስለ ሴቶች ተሳትፎ ይናገራሉ። ጽጌረዳዋ ደግሞ ማን ነግሯት፣ በዋናው መንገድ በኩል ባለው መስኮታቸው ላይ ቀይ አበባዋን ደርድራ ቆመች። ጓድ በዚያ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ መስኮቱን ያያል፤ ከዚያ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

በሳምንቱ ለተኪዳን መጥሪያ ደረሳት። በመጪው እሑድ በጠቅላላው ስብሰባ ላይ ቀርባ ግለሂስ እንድታደርግ ይላል። ጥፋቷ «የሰፊውን ሕዝብ ስብሰባ በሬትና በእሾህ መለካት» ነው። ወረቀቱን ለእኔ አስነበበችኝና «ጋሽ እምሩ፣ ደረጃውን ሊነጥቁኝ ነው?» አለችኝ። ዘውዲ ከጎኗ ሆና እርሳሷን ትቀርጻለች።

እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው ገና ሳይወጣ፣ አዳራሹ ሞላ። ቀበሌያችን ለስብሰባ የሚመርጠው ሰዓት ሁልጊዜ የእግዜርን ሰዓት ነው፤ አጋጣሚ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዓለም ሁኔታ ከሰማን በኋላ ለተኪዳንን አስነሷት። ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቴን ልናገር። እኔ ስብሰባው ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም። ተክሉ ስለሚሞትብኝ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ጣሳ ውሃ የሚያፈስ ሰው አለ ወይ፣ እሱን ነው የጠየቅሁት። ሰዎቹ ሲነግሩኝ ቆጠርኩ። መቁጠሬ ጥፋት ከሆነ አጥፍቻለሁ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ሴቶቹ ግን አልሳቁም። አስካለ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ጫፍ ትቆነጥራለች። ሦስት ልጆቿን ለማን ትታ እንደመጣች እግዜር ይወቅ። ጓድ ወልደገብርኤል ስለ ሚስታቸው ጽጌረዳ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ። «የደረጃው ፈቃድ ተሰርዞ፣ ጓዲት ፋብሪካ ገብታ ከሠራተኛው ጎን በመሰለፍ እንድትታነጽ» የሚል ውሳኔ አቀረቡ። ለተኪዳን ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔን ግን ማንም አወቅህ ሳይለኝ ተነሣሁ። ቀበሌ ከተቋቋመ ወዲህ ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም፤ የዚያን ዕለት ግን ምን እንደገፋኝ እንጃ። «ጓድ ሊቀመንበር፣» አልኩ፣ «እንዲህ ያለ ዕውቀት ያላት ሴት ፋብሪካ ብትገባ የሚጎዳው ቀበሌያችን ነው። ደረጃው ላይ ትቆይና፣ አንድ የአረንጓዴ ልማት ኮሚቴ ተቋቁሞ እሷ ብትመራውስ? የክብርት ወይዘሮ የሺም ዕውቀት በምክትልነት ቢታከልበት?»

ጓድ ወልደገብርኤል ፊታቸው በራ። ሚስታቸው ስብሰባ አገኘች ማለት ነው። ሦስተኛ ሰዓቱን የያዘው ሕዝብ ደግሞ ወደ ቤት የሚያስኬደው ከሆነ የማይደግፈው ሐሳብ የለም፤ ጭብጨባው ጣሪያውን አነቃነቀው። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ለተኪዳን ስትወጣ እጄን ይዛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሽ እምሩ፣ ደረጃዬን አተረፉልኝ» አለች። እኔም እንደ ጀግና ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚሉት እንደ እኔ ያለውን ነው።

ኮሚቴው ማክሰኞ ይሰበሰብ ነበር። ሐሙስ ንዑስ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ቅዳሜ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ አለ። ረቡዕ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዶ ሪፖርት ማቅረብ ነው። እሑድ ያው የጠቅላላው ነው። በአራት ወር ውስጥ ኮሚቴው አንድ ተክል እንኳ አልተከለም፤ ስለ ተከላ ግን እንደሱ የሚያውቅ አልነበረም። የወይዘሮ የሺ ጽጌረዳም በወሩ ደረቀች፤ ጓድ ሊቀመንበር እፎይ አሉ።

ደረጃው አልተነጠቀም። በሳምንት ግን አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ የምትቀመጠው ዘውዲ ብቻ ናት። ጎኗ ባዶ ነው። እኔ በመስኮቴ እያየኋት እውላለሁ፤ ሳምቡሳ እገዛላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በየደቂቃው እየተነሣች ወደ ቀበሌው መንገድ ታይ ነበር። በኋላ ማየቱን ተወችው። ገዢ ሲመጣ ትሸጣለች፣ ለተክሎቹ ውሃ ታጠጣለች፣ የቤት ሥራዋን ለብቻዋ ትጨርሳለች። ሰው ሁሉ «አቤት ጨዋነቷ! ልጅ አታስቸግርም!» ይላል። እኔም አንድ ቀን ለለተኪዳን እንዲሁ አልኳት። እሷ ግን ዓይኗን ከዘውዲ አልነቀለችም።

አንድ ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ለተኪዳን ወረቀት የሞላ ካርቶን ታቅፋ ከንዑስ ኮሚቴው ተመለሰች። ዘውዲ ቆማ ጠበቀቻት። ፀጉሯን ለሁለት ከፍላ ራሷ ጎንጉናዋለች። ከፊት ሲያዩት ያስኬዳል፤ ከኋላ ግን መሐሉ ጠምሟል፣ ግማሹም ሳይያዝ ቀርቶ አንገቷ ላይ ተንዠርግጓል። የራሷን ማጅራት የምታይበት ዓይን ከየት ታመጣለች?

«ማን ሠራሽ?» አለች ለተኪዳን።

«እኔ።»

«እኔ እሠራሽ የለ እንዴ የኔ እናት? ለምን አልጠበቅሽኝም?»

«ስብሰባ አለሽ እኮ» አለች ዘውዲ። ቅሬታ የለበትም፤ ዝናብ ነው እንደሚል ሰው ነው ያለችው።

ለተኪዳን ካርቶኑን መሬት ጣለችው። «ነይ ቁጭ በይ፤ ልፍታውና አሳምሬ ልሥራሽ።»

«ተይው እማ» አለች ልጅቷ፣ እናቷን ደስ የሚያሰኝ ነገር የምትነግራት መስሏት ፈገግ እያለች። «ለምጃለሁ። ከእንግዲህ ለእኔ አታስቢ።»

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆማ አንድ ዘለላ እንባ ያልጣለች ሴት፣ ደረጃው ላይ ዝርግፍ ብላ አለቀሰች። እኔ አፈርኩ፤ የሰው ሰዓት በእጄ እንደያዝኩ የምገባበት ጠፋኝ። ዘውዲ ምን እንዳጠፋች አልገባትም። እናቷን ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች «አይዞሽ» አለቻትና፣ ሊመሽ ነው ብላ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ማስገባት ጀመረች።