ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

መገናኛ አንድ ሱቅ ውስጥ ቴሌስኮፕ አየሁ። ካርቶኑ ላይ ስድስት መቶ እጥፍ እንደሚያጎላ በትልቁ ተጽፎበታል። ይኼን የሚያምን ጅል ዛሬም አልጠፋም ማለት ነው።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ፣ አባቴ ልክ እንደዚህ ያለውን ይዞ የካ ቤታችን ገባ። የገዛበት ሱቅ ውስጥ አጭርና ወፍራም ሌላ ነበር አሉ፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ንቆ ተወው። ጎረቤታችንን ጋሽ በዳዳን ሊያስደንቅ ጠራቸው። ጋሽ በዳዳ ዕድሜያቸውን በመሬት ቅየሳ የፈጁ፣ መነጽር የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

«እስቲ በቀን ብርሃን የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ጉልላት አሳየኝ» አሉት።

እኔም አየሁ። መቆሚያው ከመቅጠኑ የተነሳ ጉልላቱ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል።

«መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ የሌንሱን ስፋት ነበር ማየት። አንተ የገዛኸው ካርቶኑን ነው።»

«እርስዎ መቼም የሰው ነገር አይጥምዎትም» አላቸው አባቴ።

ከዚያ ላስቲኩን መልሶ አልብሶ ከነካርቶኑ ቡፌ ላይ አቆመው፤ ዳንቴልም ደረበበት። እንግዳ ሲመጣ ቁጥሩን ያነብለታል። ሰማይ ያየበት ቀን ትዝ አይለኝም። በልቤ እየናቅሁት አደግሁ።

ዛሬ መገናኛው ሱቅ ውስጥ ልጄ እጄን ይዛ ቆማለች። ሻጩ አጭርና ወፍራም ሌላ አውርዶ «ለጀማሪ ይኼ ይሻላል» ሲለኝ፣ አፌ ቀደመኝ።

«ስንት እጥፍ ያጎላል?» አልኩት።